ለላፕቶፕ ራም ሲጨመር፦ ስንት ጊጋባይት፣ በስንት ፍሬ?

ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ምክር መስማቱ አይቀርም፤ «ራም ይጨመርበት»። ማሽኑ ተንቀራፏል፣ ባለሙያው ከፈት አድርጎ ያየዋል፣ «8 ነው፣ 16 እናድርገው» ይላል፣ ወዲያው ወሬው ወደ ዋጋ ይዞራል። የቀሩት ጥያቄዎች ሳይነሡ ይታለፋሉ። በእርግጥ የጎደለው ራም ነው? ማሽኑ ስንት ማስገቢያ አለው? 16ቱ በአንድ ፍሬ ይሁን ወይስ 8 እና 8 ተደርጎ? የሚቀበለውስ የትኛውን ዓይነት ነው? ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ቢነሡ ብዙም አይፈይዱም።

ዝርዝሩ ብዙ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። አስቀድሞ የሚታሰበው መጠን ነው። ከዚያ አደራደሩ ይመጣል፤ ይኸውም መጠኑ በስንት ፍሬ ተከፍሎ በየትኛው ማስገቢያ እንደሚቀመጥ ማለት ነው። ፍጥነት ተራው የሚደርሰው ከሁለቱ በኋላ ነው። ገበያ ውስጥ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይወራል፤ ማሸጊያው ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የፍጥነቱ ቁጥር ስለሆነ የገዢው ዓይን መጀመሪያ እዚያ ላይ ያርፋል።

ከመግዛት በፊት መለካት

ራም ኮምፒውተሩ በዚህች ቅጽበት የሚሠራበትን ሁሉ የሚይዝበት ክፍል ነው። የተከፈተ ፕሮግራም፣ የተከፈተ ሰነድ፣ ብሮውዘሩ ላይ የተደረደረው ገጽ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ሲጠፋ ይጸዳል። ቦታው ሲሞላ ዊንዶውስ ሥራውን አያቆምም፤ ለጊዜው የማይፈለገውን እያነሳ ወደ ዲስክ ያሻግራል፣ ሲፈለግም መልሶ ያመጣዋል። መንቀራፈፉ የሚመጣው ከዚህ ምልልስ ነው፤ ዲስክ ከራም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘገምተኛ ነውና። ዲስኩ የሚሽከረከረው የድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ከአንድ መስኮት ወደ ሌላው ለመሻገር እንኳ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ራም ሻጩን ላያስደስት ይችላል፦ ማሽኑ ውስጥ ያለው አሁንም ሃርድ ዲስክ ከሆነ በመጀመሪያ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ) ይግዙ። 4 ጊጋባይት ብቻ ካለው ማሽን በስተቀር፣ ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ መሻገር የሚያመጣውን ለውጥ ያህል ራም አያመጣም። ማሽኑ ሲነሣ ረጅም ጊዜ የሚወስድ፣ አንድ ፕሮግራም ብቻ ተከፍቶም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ጥፋቱ የራሙ አይደለም።

ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን መለካት ነው። በተለመደ የሥራ ቀን የሚከፍቱትን ሁሉ ይክፈቱ፤ ብሮውዘሩን ከነገጾቹ፣ ቴሌግራምን፣ ዎርድና ኤክሴልን፣ የሚጠቀሙበትን የሙያ ፕሮግራም። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሜሞሪ» የሚለውን ሲመርጡ የሚፈልጉት ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጠው የተያዘው ድርሻ 60 ወይም 65 በመቶ ሲሆን ሲያይ ነው። ይህ አያስደነግጥም። ዊንዶውስ ባዶ ራም ማየት አይወድም፤ ቦታ ካገኘ ይንሰራፋበታል፣ ቦታው ሲጠበው ደግሞ ራሱ ይሰበሰባል። ይልቅ «ኮሚትድ» በሚለው ሥር በእዝባር የተለዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያው ፕሮግራሞቹ ሁሉ ተደምረው እንዲጠበቅላቸው የጠየቁት ቦታ ነው። ራምዎ 8 ሆኖ ይህ ቁጥር 12 ወይም 13 ላይ ተቀምጦ ከዋለ፣ «አቬይለብል» የሚለውም ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ የጎደለው ራም ነው። ቁጥሩ 6 ላይ ከሆነ ግን 32 ጊጋባይት ቢገጠምም ማሽኑ አይፈጥንም። ያልሞላ ቦታ ላይ ቦታ መጨመር ትርፉ ወጪ ነው።

በዚያው ገጽ ከታች በኩል ሌሎች ትንንሽ መረጃዎች ተደርድረዋል። «ስሎትስ ዩዝድ» ካሉት ማስገቢያዎች ስንቱ እንደተያዙ ይናገራል፤ «1 ከ2» የሚል ከሆነ ደስ የሚል ዜና ነው። «ፎርም ፋክተር» አጠገብ «ሶዲም» ከተጻፈ ራሙ የሚነቀል ነው፤ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ከተባለ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ማሽን የተበየደውንም እንደ ማስገቢያ ስለሚቆጥረው፣ በዚህ ብቻ ተማምኖ ገንዘብ ከማውጣት የአምራቹን መመሪያ ማየት ወይም ክዳኑን ከፍቶ ማረጋገጥ ይሻላል። «ሃርድዌር ሪዘርቭድ» የሚለው ደግሞ የስክሪኑ ግራፊክስና ሌሎች ክፍሎች ለራሳቸው ቆርጠው ያስቀሩት ነው። «8 ገዝቼ 7.8 ብቻ ይላል» የሚለው ቅሬታ መልሱ ይህ ነው፤ ማንም አልሰረቀም።

አንድ የቆየ ወጥመድም አለ። የተጫነው ዊንዶውስ ባለ32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ራም መጨመር ውኃ መውቀጥ ነው፤ አስቀድሞ ወደ ባለ64 ቢት መሻገር ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 11 ላይ ይህ ችግር የለም፤ የሚመጣው ባለ64 ቢት ሆኖ ብቻ ነው።

ስንት ይበቃል?

4 ጊጋባይት ዛሬ አይበቃም፤ ዊንዶውስ 11 ዝቅተኛው መነሻ አድርጎ ያስቀመጠው 4ን ቢሆንም ይነሣል ማለት ያሠራል ማለት አይደለም። 8 ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ኤክሴል ለሚሠራ፣ ኢሜይልና ጥቂት ገጾች ለሚከፍት ሰው ይበቃዋል። የሂሳብ ባለሙያዎች «ፒችትሪ ከበደኝ» ብለው ራም ሲጨምሩ ይታያል፤ ፒችትሪ ግን በጣም ቀላል ፕሮግራም ነው፣ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ራሙን የጨረሰው ከጎኑ የተከፈተው ብሮውዘር ነው። 16 ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው መጠን ነው፤ ፕሮግራም ለሚጽፍ፣ ፎቶሾፕ ለሚሠራ፣ የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር መነሻው ይህ ነው። የፕሪሚየር አምራች አዶቢ ራሱ ለኤችዲ ቪዲዮ 16፣ ለ4ኬ 32 እና ከዚያ በላይ ብሎ ይመክራል። ሬቪት ላይ ትልልቅ ሕንፃ የሚነድፍ ወይም በአንድ ማሽን ውስጥ ሌላ ማሽን የሚያስነሣ ሰውም 32ን ቢያስብ አይፈረድበትም። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው እንደሚያስፈልገው ስለሚያውቅ ይህን ጽሑፍ አያነብም።

ዓይነቱ ካልገጠመ አይገባም

የላፕቶፕ ራም ሶዲም ይባላል፤ ርዝመቱ ወደ 7 ሴንቲሜትር ነው። የጠረጴዛ ኮምፒውተሩ ወደ 13 ሴንቲሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ለሚያውቀው ግልጽ ቢሆንም፣ ከውጭ አገር ዘመድ የጠረጴዛውን ይዞ የሚመጣው «ዲዲአር4፣ 8 ጊጋባይት» ብቻ ተብሎ ስለሚላክ ነው።

ዲዲአር የሚባሉት የራም ትውልዶች እርስ በርስ አይተካኩም። ዲዲአር3 የላፕቶፕ ራም 204 የወርቅ ጥርስ (ፒን) አለው፣ ዲዲአር4 260፣ ዲዲአር5 262። ጥርሶቹ መሐል ያለችው ክፍተት በየትውልዱ ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም፤ በጉልበት ከገፉት ማስገቢያው ይሰበራል። የሚጠጡት ኤሌክትሪክም እየቀነሰ ሄዷል፤ ዲዲአር3 1.5 ቮልት፣ ዲዲአር3ኤል 1.35፣ ዲዲአር4 1.2፣ ዲዲአር5 1.1።

የቮልቱ ነገር አንድ ቦታ ላይ ያናክሳል። 4ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ላፕቶፖች (ለምሳሌ አይ5-4300ዩ የገባባቸው) የሚቀበሉት ባለ1.35 ቮልቱን ብቻ ነው። ባለ1.5ቱ ቅርጹ አንድ ስለሆነ ማስገቢያው ውስጥ ቁጭ ይላል፤ ማሽኑ ግን አይነሣም፣ ወይም እየጮኸ ይቀራል። ልዩነቱን የምትናገረው መለያው ላይ ያለችው «ኤል» ብቻ ናት፤ «ፒሲ3» ሳይሆን «ፒሲ3ኤል» መባል አለበት። እስከዚሁ ትውልድ ባሉት የኢንቴል ማሽኖች ላይ ሌላም ጣጣ አለ፦ 8 ጊጋባይቱን በ8 ቺፕ ብቻ የያዘ ዲዲአር3 አያነቡም። 16 ቺፕ፣ በሁለቱም ፊት 8 8 ሆነው የተደረደሩበት መሆን አለበት። ሁለት ፍሬ ራም፣ ሁለቱም «8 ጊጋባይት»፣ ሁለቱም ደህና፣ አንዱ ግን እርስዎ ማሽን ላይ የማይሠራ፤ ሻጩ «ሌላ ማሽን ላይ ሞክሬዋለሁ» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል።

6ኛው ትውልድ ላይ ደግሞ ፕሮሰሰሩን ብቻ ማየት ያሳስታል። አይ5-6300ዩ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ሌኖቮ ቲ460 ላይ ከዲዲአር3ኤል ጋር፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ላይ ከዲዲአር4 ጋር ተገጥሞ ወጥቷል። ከ8ኛው ትውልድ በኋላ በሥራ ላፕቶፖች ላይ የሚነቀል ራም ካለ ዲዲአር4 ነው፤ ከ12ኛው ወዲህ ዲዲአር5ም ተቀላቅሏል፣ ስለዚህ ሞዴሉን በስሙ ማጣራት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚሻለው መመሪያ አሁን ማሽኑ ውስጥ ያለው ራም ራሱ ነው። መለያውን በስልክ ፎቶ ያንሡት። ሳምሰንግ በሠራው አንድ ፍሬ ላይ «8ጂቢ 1አር×8 ፒሲ4-2666ቪ-ኤስኤ1-11» የሚል ጽሑፍ አለ። 8ጂቢ መጠኑ ነው። 1አር×8 ማለት ቺፖቹ በአንድ ረድፍ ተሰልፈው እያንዳንዱ በአንድ ጊዜ 8 ቢት ያቀርባል ማለት ነው፤ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ስለሚጠይቅ ቺፖቹ 8 ይሆናሉ። ፒሲ4 ዲዲአር4 መሆኑን፣ 2666 ፍጥነቱን ይነግራል። ሌላ አምራች ይህንኑ ፍጥነት «ፒሲ4-21300» ብሎ ይጽፈዋል፤ 2666 በ8 ሲባዛ የሚገኘው ተጠጋግቶ ነው እንጂ ሌላ ራም አይደለም።

«1አር×16» የሚል ካጋጠመዎት ፍሬው ላይ 4 ቺፕ ብቻ ያያሉ። ይህ የርካሽ አሠራር ነው። ዲዲአር4 ላይ ባለ×16 ቺፕ በውስጡ ያሉት የሥራ ቡድኖች ከባለ×8 ቺፕ በግማሽ ያነሱ ስለሆኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ጥቂት ይዘገያል። ይሠራል፣ ጉዳት የለውም፤ ግን ዋጋው እኩል ከሆነ ባለ8 ቺፑን ይምረጡ።

አንድ 16 ወይስ ሁለት 8?

የዚህ ጉዳይ ልብ ያለው እዚህ ነው።

የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ከራም ጋር የሚገናኝበት መስመር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው። አንድ ፍሬ ብቻ ከተገጠመ አንዱ መስመር ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ሁለት ፍሬ ሲገጠም ሁለቱም ይሠራሉ። ባለሁለት በር የከተማ አውቶቡስ አንዱን በር ዘግቶ ሲያወርድና ሁለቱንም ከፍቶ ሲያወርድ እንደማለት ነው፤ የተሳፋሪው ቁጥር አልተለወጠም፣ የሚወርዱበት ፍጥነት ግን ተለውጧል። በቁጥር ሲታይ፣ 3200 የሚባለው ዲዲአር4 በአንድ መስመር በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ በሁለት መስመር 51.2። ባለሙያዎች ዱዋል ቻናል የሚሉት ይህንን ነው።

ታዲያ ማሽኑ እጥፍ ይፈጥናል? አይፈጥንም። ለሚጽፍ፣ ለሚያነብ፣ ሂሳብ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ አይታወቀውም። የሚታወቀው የራሱ ራም የሌለው ግራፊክስ ላይ ነው። አብዛኛው ላፕቶፕ የተለየ የግራፊክስ ካርድ ስለሌለው ስዕሉን የሚስለው ክፍል የሚኖረው ከፕሮሰሰሩ ጋር ነው፤ የሚበላውም ከዋናው ራም ነው። ጨዋታ፣ ባለሦስት ገጽታ ንድፍ፣ የቪዲዮ ቅንብር ላይ አንዱ መስመር ሲዘጋ ይህ ክፍል በረኃብ ይቀመጣል። ኢንቴል ይህንን በግልጽ አድርጎታል፦ 11ኛው ትውልድ አይ5-1135ጂ7 አይሪስ ኤክስኢ የተባለ ጥሩ ግራፊክስ አለው፤ ራሙ በአንድ መስመር ብቻ ከሆነ ግን ዊንዶውስ ላይ ስሙ ተለውጦ «ዩኤችዲ ግራፊክስ» ተብሎ ይታያል። ላፕቶፑን አይሪስ ኤክስኢ አለው ተብሎ ገዝቶ ስሙን ያጣ ሰው ተጭበረበርኩ ከማለቱ በፊት ማስገቢያዎቹን ይመልከት፤ አንድ ፍሬ ሲጨመር ስሙ ይመለሳል። የኤኤምዲ ራይዘን ማሽኖችም ለዚህ ነገር ስሱ ናቸው።

ሁለት ማስገቢያ ያለው ማሽን ላይ አንድ 8 ተቀምጦ ካገኙ መልሱ ቀላል ነው፤ አጠገቡ ሌላ 8 ይጨምሩ። 16 ሆነ፣ ሁለቱም መስመር ተከፈተ፣ የነበረውም አልተጣለም። ያለውን 8 አውጥቶ በአንድ 16 መተካት፣ በጣም ርካሽ ካልተገኘ በስተቀር፣ ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው፤ ከፍለው አንዱን መስመር መዝጋት ነው።

«መጠናቸው እኩል ካልሆነ አይሠሩም» የሚል አባባል ግን በሰፊው ይሰማል፤ ልክ አይደለም። 8 እና 16 አንድ ላይ ሲገቡ 24 ይሆናሉ። ማሽኑ ከ16ቱ 8ቱን ወስዶ ከሌላው 8 ጋር ያጣምርና የመጀመሪያውን 16 ጊጋባይት በሁለት መስመር ያሠራዋል፤ የተረፈው 8 በአንድ መስመር ይሄዳል። ቪዲዮ ለሚያቀናብርና 16 ለሚጠበው፣ 32 ለማድረግ ግን አቅም ለሌለው ሰው ይህ ብልህ ውሳኔ ነው፤ አቅም ሲገኝ 8ቱን አውጥቶ ሌላ 16 መተካት ይቻላል። መጠን ከአደራደር ይቀድማል ያልነውም እዚህ ላይ ይታያል፤ በሁለት መስመር የሚሄድ ግን የሚሞላ 16፣ ቦታ ከሚተርፈው 24 አይበልጥም።

ሁለቱም ማስገቢያ በ4 እና 4 የተያዘ ማሽን ትንሽ ያስቸግራል፤ ለመጨመር ማውጣት ግድ ነው። ሁለቱንም አውጥቶ 8 እና 8 ማድረግ ንጹሕ መፍትሔ ነው። አንዱን 4 ብቻ አውጥቶ 16 ማስገባትም ይቻላል፤ 20 ይሆናል፣ 8ቱ በሁለት መስመር፣ 12ቱ በአንድ። ለቢሮ ሥራ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በኋላ ለማሳደግ መንገድ ያስቀራል። ለጨዋታና ለንድፍ ግን የመጀመሪያው።

ከዚያ የተበየደው አለ። ሌኖቮ ቲ480 ሁለት ማስገቢያ ነበረው፤ ተተኪው ቲ490 ግማሹን ማዘርቦርዱ ላይ በይዶ አንድ ማስገቢያ ብቻ አስቀረ። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ። ቲ490 ሲገዙ ወሳኙ የተበየደው 8 ነው ወይስ 16 የሚለው ነው፤ የሚነቀለው ማንም ሊቀይረው ይችላል፣ የተበየደው ግን አብሮ የሚኖር ነው። ኤክስ1 ካርቦን ጨርሶ ማስገቢያ የለውም። ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የወጡት ሬቲና ስክሪን ያላቸው ማክቡክ ፕሮዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ኤም1 የተባለው የአፕል ፕሮሰሰር ከመጣ ደግሞ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ እሽግ ሆኗል። እንዲህ ላለው ማሽን «በኋላ እጨምርበታለሁ» የሚባል ነገር ስለሌለ ውሳኔው በግዢው ቀን ያልቃል። ኤልፒካም2 የሚባል፣ ቀጭን ሆኖም የሚነቀል አዲስ ዓይነት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ቲንክፓድ ፒ1 ጄን 7 ላይ ወጥቷል፤ እስኪስፋፋ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

አንድ ማስገቢያ ብቻ ያለው፣ የተበየደም የሌለው ማሽን ላይ ምርጫ የለም። የገባው ይወጣል፣ ትልቁ ይገባል። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ ሳይሆን የመጨረሻውን መጠን በአንዴ ይግዙ።

ጣሪያውንም ማወቅ ያስፈልጋል። አይ5-4300ዩ ከ16 ጊጋባይት አያልፍም። አይ5-8250ዩ በኢንቴል ሰነድ ላይ 32 ተብሏል፤ ቲ480 ላይ 64 አድርገው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ቢኖሩም፣ ሰነዱ ያልተናገረውን ለመሞከር የሚወጣ ገንዘብ የሚመለስበት ስምምነት ቢኖር ይመረጣል።

ስለ ፍጥነት አጭር ቃል

ራም የሚሮጠው ከሦስቱ በትንሹ ነው፤ ከራሱ፣ ከጎረቤቱ ፍሬና ፕሮሰሰሩ ከሚፈቅደው። 8250ዩ የሚፈቅደው 2400 ነው። 3200 ቢገጠምበት ወደ 2400 ወርዶ በሰላም ይሠራል፤ ጉዳት የለውም፣ ትርፍም የለውም። ገበያ ላይ 3200ው ርካሽ ሆኖ ከተገኘ ይውሰዱት፣ በጭማሪ ግን አይክፈሉበት። ከጎኑ የሚጻፈው «ሲኤል» የሚባለው የመዘግየት ቁጥርም ሲያንስ ጥሩ ነው እየተባለ ይወራል። ሲሰላ ግን ሲኤል17 ያለው 2400 ወደ 14.2 ናኖ ሰከንድ፣ ሲኤል22 ያለው 3200 ደግሞ 13.75 ናኖ ሰከንድ ይጠብቃል፤ ቁጥሩ ትልቅ የሆነው እንዲያውም ቀደመ። ቀለም የተቀባ የጨዋታ ራም ገዝቶ ለቢሮ ላፕቶፕ ማስገባትም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛው ላፕቶፕ እነዚያን ልዩ ፍጥነቶች የሚከፍትበት ቅንብር የለውም።

ገበያው ላይ

ራም እንደ ባትሪ እያለቀ የሚሄድ ነገር አይደለም፤ በመሆኑም ያገለገለ ራም መግዛት አያሳፍርም። የሚያስፈራው መለያው ተቀይሮ ሌላ የተለጠፈበት ነው። በተለይ ቺፖቹ ላይ ያለው ጽሑፍ የተፋቀ ከሆነ፣ ወይም መለያው 2አር×8 እያለ ቺፖቹ 8 ብቻ ከሆኑ፣ አንዱ ይዋሻል ማለት ነው።

ዋጋን በተመለከተ፣ ዓለም ላይ አብዛኛውን የራም ቺፕ የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው፤ በ2025 (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ሦስቱም ፊታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ወደሚሄደው ራም ስላዞሩ ዋጋው ክፉኛ ወጥቷል። ማይክሮን እንዲያውም ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ገዢ ሲሸጥ የኖረውን ሥራ እንደሚያቆም አስታውቋል። ባለፈው ዓመት የተነገረዎትን ዋጋ ይዘው አይከራከሩ።

በዚህ ላይ አንድ ስሌት ይጨመር። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው የኢንቴል ትውልድ ጀምሮ ሲሆን፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ.) አብቅቷል። ስለዚህ ዲዲአር3ኤል የሚወስድ ማሽን ላይ አዲስ ራም በውድ መግዛት አያዋጣም፤ ያገለገለ ከተገኘ ደግ፣ ካልሆነ ያንን ገንዘብ ለሚቀጥለው ላፕቶፕ መያዝ ይሻላል። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሥርዓት ለሚጭንበት ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካለ የመለያውን ፎቶና ይህን መሰል መልእክት አብረው ይላኩ፦ «የላፕቶፕ ራም፣ ሶዲም፣ ዲዲአር4፣ 8 ጊጋባይት፣ 260 ፒን፣ 1.2 ቮልት፣ ፍጥነቱ 2400 ወይም ከዚያ በላይ፣ ኢሲሲ ያልሆነ» (ኢሲሲ የሚባለው ስሕተት የሚያርመው የሰርቨር ራም ነው)። የላፕቶፑን ሙሉ ስምም ይጨምሩ፤ ኪንግስተንን የመሳሰሉ አምራቾች ሞዴሉ ሲነገራቸው የሚስማማውን የሚያሳይ ፍለጋ ድረ ገጻቸው ላይ አላቸው።

ሲገጠም

ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፤ ማሳረፍ ማጥፋት አይደለም። ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪውንም ያላቅቁ። ቲ480 ከሚወጣው ባትሪ ሌላ ውስጥ የተደበቀ ሁለተኛ ባትሪ አለው፤ እሱን ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ገብቶ ማሰናከል ይቻላል። ልብስ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊገድል ስለሚችል አስቀድመው ብረት ይንኩ፣ ራሙንም በጠርዙ ይያዙ።

ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት መቆንጠጫዎች ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጓቸው የነበረው ፍሬ በራሱ ቀና ይላል። አዲሱም የሚገባው እንደዚያው ጋደል ብሎ ነው። ክፍተቷን ከማስገቢያው ጥርስ ጋር ያስተካክሉ፣ የወርቁ መስመር ሊጠፋ እስኪቃረብ ይግፉት፣ ከዚያ መቆንጠጫዎቹ ቀጭ እስኪሉ ወደ ታች ይጫኑ። ብዙ ጊዜ «አልሠራም» የሚባለው ግማሽ የገባ ራም ነው።

ማሽኑ ሲነሣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቢቆይ ወዲያው አያጥፉት። አዲሱን ራም እየለካ ነው፤ ዲዲአር5 ላይ ይህ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ጨርሶ እንቢ ካለ ፍሬዎቹን አውጥቶ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጎ መጥረግና ፍርፋሪውን አራግፎ መመለስ ነው። ከዚያ አንድ አንዱን በየማስገቢያው ለየብቻ ይሞክሩ፤ የታመመው ፍሬው ይሁን ማስገቢያው በዚህ ይለያል።

ከተነሣ በኋላ ታስክ ማናጀር ላይ መጠኑንና ፍጥነቱን ያረጋግጡ። ሲፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም «ሜሞሪ» በሚለው ገጹ ላይ ራሙ በሁለት መስመር መሄድ አለመሄዱን ያሳያል። የመጨረሻው ፈተና ሜምቴስት86 ነው፤ ፍላሽ ላይ ተጭኖ፣ ዊንዶውስ ሳይነሣ፣ ራሙን ከዳር እስከ ዳር ይፈትሻል። ሰዓታት ስለሚፈጅ ማታ ትቶ መተኛት ነው። ጠዋት ላይ አንድ ስሕተት እንኳ ቢገኝ ያ ፍሬ ይመለሳል፤ ዛሬ አንዲት ስሕተት ያለበት ራም ነገ የተቀመጠ ፋይል ሳይታወቅ ያበላሻል። ስለዚህ ከሻጩ ጋር በዋጋው ላይ ከመስማማትዎ በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት ፈትሾ የመመለስ መብትዎን ይስማሙ፤ የፍሬው መለያ ቁጥርም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።